የዝነኞች ክስ፦ ጩኸቱ መጀመሪያ፣ ማስረጃው መጨረሻ

አንድ ታዋቂ ሰው ተከሰሰ ሲባል ሰዓት ሳይሞላ የሚመጣ ርዕስ አለ። «የ60 ዓመት እስራት ይጠብቀዋል» ይላል። ወይም «ዕድሜ ልክ ሊፈረድበት ይችላል»። ቁጥሩ ከየት መጣ? ቀላል ነው። ጋዜጠኛው የክስ ወረቀቱን ይከፍታል፣ ለእያንዳንዱ ክስ ሕጉ ያስቀመጠውን ከፍተኛውን ቅጣት ያያል፣ ይደምራል። በቃ። ዳኛ ቅጣት ሲወስን እንዲህ አይደምርም። ጠበቃውም ዐቃቤ ሕጉም ይህን ያውቃሉ፣ ብዙ ጊዜ ጋዜጠኛው ራሱም ያውቃል። ግን «ምናልባት ጥቂት ዓመት፣ ምናልባትም ምንም» የሚል ርዕስ ማን ይከፍታል?

የራፐሩን የሾን «ዲዲ» ኮምብስን ጉዳይ እንይ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ሴፕቴምበር 2024 ኒውዮርክ ውስጥ ተያዘ። ያኔ ርዕሱ ሁሉ «ዕድሜ ልክ» ነበር። ጁላይ 2025 ላይ ጁሪው (ከተራ ዜጎች ተመርጦ ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚለውን የሚወስነው ቡድን) ከከባዶቹ ክሶች ነፃ አለው፣ ሰዎችን ለሴተኛ አዳሪነት ከቦታ ቦታ በማጓጓዝ ግን በሁለት ክሶች ጥፋተኛ ነው አለ። ርዕሱ ወዲያው ተቀየረና «20 ዓመት» ሆነ፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ክስ እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል። ኦክቶበር ላይ ዳኛው 50 ወር ፈረዱበት። አራት ዓመት ከሁለት ወር ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ለሰውዬው ጥብቅና እየቆምኩ አይደለም። የያኔ ፍቅረኛውን ሆቴል ኮሪደር ላይ ሲደበድብ የሚያሳየውን ቪዲዮ ዓለም አይቶታል፣ ጥፋተኛም ተብሏል። ግን ከሦስቱ ቁጥሮች ውስጥ ትክክለኛው የመጨረሻው ብቻ ነው፣ እሱ ሲመጣ ደግሞ ግማሹ ሰው ጉዳዩን መከታተል አቁሞ ነበር።

የዝነኞች ክስ ዘገባ ላይ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያማርረው «ያጋንናሉ፣ ይዋሻሉ» ብሎ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ውሸቱ አይደለም። ውሸት ቢያንስ ይታረማል፣ ያስከስሳል። ችግሩ ሰዓቱ ላይ ነው። ሚዲያው ያለውን ቦታና ጉልበት በሙሉ የሚያፈሰው ስለ ጉዳዩ ምንም በማይታወቅበት በመጀመሪያው ቀን ነው። ማስረጃው ተሰምቶ፣ ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ ተፈትኖ፣ ፍርድ ሲሰጥ፣ ማለትም በመጨረሻ የሚታወቅ ነገር ሲገኝ፣ ካሜራው ሌላ ሰው በር ላይ ቆሟል።

ይህ ደግሞ ኢንተርኔት ያመጣው በሽታ አይደለም። 1921 ላይ ሮስኮ አርበክል የሚባል ኮሜዲያን ነበር፣ በዘመኑ ከሆሊውድ ትልልቅ ተከፋዮች አንዱ። ሳን ፍራንሲስኮ ሆቴል ውስጥ ባዘጋጀው ግብዣ ላይ የነበረች ቨርጂኒያ ራፕ የተባለች ተዋናይት ታመመችና ከቀናት በኋላ ሞተች። አርበክል ተያዘ። በተለይ የሚዲያ ባለሀብቱ የዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት ጋዜጦች ጉዳዩን በየቀኑ በትልልቅ ፊደል አወጡት። የሰውዬው ውፍረት ሳይቀር የወንጀል ማስረጃ መሰለ። ሟቿም አልተረፈችም፣ የግል ሕይወቷ በየገጹ ተዘረገፈ፣ ያውም መልስ መስጠት ለማትችል ሴት። ሁለት ጁሪዎች መስማማት አቅቷቸው ተበተኑ። ሦስተኛው ኤፕሪል 12 ቀን 1922 ደቂቃዎች በፈጀ ምክክር ነፃ አለው። ነፃ ብሎም አላበቃም፣ ነፃ ማለት ብቻውን አይበቃም፣ ትልቅ በደል ተፈጽሞበታል የሚል መግለጫ ጽፎ አነበበ። ጁሪ ተከሳሽን ይቅርታ ሲጠይቅ ስንቴ ታያላችሁ?

ከስድስት ቀን በኋላ የፊልም ኢንዱስትሪው ከሥራ አገደው። እገዳው በዚያው ዓመት መጨረሻ ቢነሳም በስሙ ማንም ፊልም አልገዛም፣ ስለዚህ ለዓመታት በሌላ ስም ዳይሬክተር ሆኖ ሠራ። የፍርድ ቤቱ ውሳኔ አንድ ነገር አለ፣ ሰባት ወር ሙሉ ጋዜጣ ያነበበው ሕዝብ ሌላ ነገር ያውቃል። ማን አሸነፈ የሚለውን መናገር አያስፈልግም።

ጩኸቱ ለምን መጀመሪያ ላይ ይሆናል? አንዱ ምክንያት ንግድ ነው፣ እሱን ሁላችንም ስለምናውቀው ብዙ አልልበትም። ሰበር ዜና ቪው ያመጣል፣ ቪው ማስታወቂያ ያመጣል። ብዙም የማይነገረው ሌላው ምክንያት ግን የመረጃው ምንጭ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚናገረው አንድ ወገን ብቻ ነው፦ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ። ተጠርጣሪው ጠበቃው «አፍህን ዝጋ» ብሎታል፣ ልክም ነው። ምስክሮች አልተጠየቁም። ሰነዶቹ አልተመረመሩም። ስለዚህ ጋዜጠኛው ቢፈልግም ሚዛናዊ መሆን አይችልም፣ ሚዛኑ ላይ ያለው አንድ ሳህን ብቻ ነው። ፖሊስ ውስጥ «ለአንተ ብቻ ነው የምነግርህ» የሚል ሰው ሲገኝ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፣ ምክንያቱም ያንን ምንጭ ላለማጣት ሲባል ጥያቄ መጠየቅ ይቀራል።

የእንግሊዛዊው ዘፋኝ የክሊፍ ሪቻርድ ነገር ለዚህ ግሩም ማሳያ ነው። ኦገስት 2014 ፖሊስ የድሮ የወሲብ ጥቃት አቤቱታን ተከትሎ ቤቱን ሊፈትሽ ሄደ። ቢቢሲ ቀድሞ ያውቅ ነበር፣ ያሳወቀውም ፖሊስ ነው። ሄሊኮፕተር አሰማርቶ ፍተሻውን ከሰማይ እየቀረፀ ለሕዝብ አሳየ። ሰውዬው እንግሊዝ ውስጥ እንኳ አልነበረም። አልታሰረም። አልተከሰሰም። 2016 ላይ ዐቃቤ ሕግ በቂ ማስረጃ የለም ብሎ ፋይሉን ዘጋ። እሱም ቢቢሲን ከሰሰ፣ 2018 ላይ ከፍተኛው ፍርድ ቤት 210 ሺህ ፓውንድ ካሳ ፈረደለት። ከዚህ ውስጥ 20 ሺሁ ለምን እንደተጨመረ ታውቃላችሁ? ቢቢሲ ያንን ዘገባ «የዓመቱ ምርጥ ቀዳሚ ዜና» ብሎ ለሽልማት ስላወዳደረው ነው። ፖሊስም ለብቻው 400 ሺህ ፓውንድ ከፍሎ ተስማማ። እኔን የገረመኝ ሄሊኮፕተሩ አይደለም፣ ሽልማቱ ነው። ዜና ክፍሉ ውስጥ አንድም ሰው «ቆይ፣ ሰውዬው ገና አልተከሰሰም እኮ» ሳይል ለውድድር ቅጽ የተሞላበት ቀን ነበር ማለት ነው።

ይህ መጨረሻው ካሳ ሆነ። የደቡብ ኮሪያው ተዋናይ ሊ ሰን ክዩን ጉዳይ እንዲህ አላበቃም። በኦስካር አሸናፊው «ፓራሳይት» ፊልም ላይ ሀብታሙን አባወራ ሆኖ የተጫወተው እሱ ነው። 2023 መጨረሻ ላይ በአደንዛዥ ዕፅ ተጠርጥሮ ምርመራ ተጀመረበት። ፖሊስ ሦስት ጊዜ ጠራው፣ የመጨረሻው ምርመራ 19 ሰዓት ፈጀ። በተጠራ ቁጥር በሩ ላይ የካሜራ ሰልፍ ይጠብቀው ነበር። የዕፅ ምርመራዎቹ ውጤት ነፃ መሆኑን ቢያሳይም ጩኸቱ አልበረደም፣ ከክሱ ጋር ግንኙነቱ የማይታይ የግል የስልክ ንግግሩ በብሔራዊው ጣቢያ ሳይቀር ተላለፈ። ዲሴምበር 27 ሕይወቱ አልፎ ተገኘ፣ 48 ዓመቱ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ የፊልሙ ዳይሬክተር ቦንግ ጁን ሆና ሌሎች ባለሙያዎች መግለጫ ሰጥተው ከሌሎች ጥያቄዎች ጋር እነዚህን ጠየቁ፦ መረጃው ከፖሊስ እንዴት እንደወጣ ይጣራ፣ ሚዲያውም ያንን የስልክ ንግግር የመሰሉ ዘገባዎችን ያንሳ። አስተውሉ፣ ጥያቄው «ለምን ተመረመረ» አይደለም። ይመርመር። የምርመራው ፋይል ለምን በየምሽቱ ድራማ ሆነ ነው ያሉት።

ሕንድ ውስጥ የሆነውም ከዚህ ይዛመዳል፣ ያውም እዚያ በቴሌቪዥን የተፈረደባት ሴት መጀመሪያ ላይ ተከሳሽ እንኳ አልነበረችም። ጁን 2020 ተዋናዩ ሱሻንት ሲንግ ራጅፑት ሞቶ ተገኘ። ቴሌቪዥኖቹ ጥፋተኛ ፈልገው አጡ፣ ከዚያ ፍቅረኛውን ተዋናይት ሪያ ቻክራቦርቲን አገኙ። ገንዘቡን በላች ተባለ። አስማት አደረገችበት ተባለ። የግል የዋትስአፕ መልእክቶች ስክሪን ላይ እየተነበቡ ተተነተኑ። ሴፕቴምበር ላይ ከዕፅ ጋር በተያያዘ ጥርጣሬ ታስራ አንድ ወር ያህል ቆይታ በዋስ ወጣች። ጃንዋሪ 2021 ላይ የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሁለት ትልልቅ ጣቢያዎች ዘገባ የፍትሕ ሂደቱን የሚያደናቅፍ መልክ እንዳለው ተናገረና ምርመራ ላይ ላሉ ጉዳዮች የአዘጋገብ መመሪያ አስቀመጠ። ማርች 2025 ላይ የአገሪቱ ማዕከላዊ የምርመራ ቢሮ የሞቱን ጉዳይ ሲዘጋ በእሷ ላይ የተገኘ ነገር እንደሌለ ታወቀ። አምስት ዓመት ሊሞላ ነበር እንግዲህ። ያኔ በየማታው ሲጮሁባት የነበሩ አቅራቢዎች ለዚህ ዜና ስንት ደቂቃ እንደሰጡ መገመት ትችላላችሁ።

አንዳንዱ ሰው መፍትሔው ችሎቱን በቀጥታ ማስተላለፍ ነው ይላል። ሕዝቡ ራሱ አይቶ ይፍረድ፣ አማላጅ አያስፈልግም። ሲሰማ ጥሩ ነው። ደቡብ አፍሪካ 2014 ላይ የሯጩን የኦስካር ፒስቶሪየስን የግድያ ችሎት ለማሳየት ራሱን የቻለ የቴሌቪዥን ጣቢያ ተከፍቶ ነበር። ከሱ በፊት ደግሞ በቀድሞ ሚስቱ ግድያ የተከሰሰው የቀድሞ የአሜሪካ ፉትቦል ኮከብ የኦ ጄ ሲምፕሰን ችሎት አለ። ጁን 1994 እሱ ያለባትን ነጭ መኪና ፖሊስ ሲከተላት 95 ሚሊዮን ገደማ አሜሪካዊ በቀጥታ ተመልክቷል፣ ችሎቱም ለወራት በየቤቱ ገባ። በነገራችን ላይ ታይም መጽሔት የሲምፕሰንን የፖሊስ ፎቶ ቆዳውን ይበልጥ አጥቁሮ ሽፋን ላይ ያወጣው ያኔ ነው፣ ኒውስዊክ ያንኑ ፎቶ በዚያው ሳምንት እንዳለ ስላወጣው ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ጉዱ ወጣ። ፎቶ ሳይዋሽ እንዴት እንደሚፈርድ ማወቅ የሚፈልግ እነዚህን ሁለት ሽፋኖች ይይ።

ቀጥታ ስርጭት ችግሩን እንደማይፈታ በደንብ የታየው ግን በቀድሞዎቹ ባልና ሚስት፣ በተዋናዮቹ በጆኒ ዴፕና አምበር ኸርድ ነው። 2022 ላይ ቨርጂኒያ ውስጥ ስድስት ሳምንት ያህል የፈጀው የስም ማጥፋት ክስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተላልፏል። ማን ነው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያየው? አብዛኛው ሰው ያየው ለቲክቶክ የተቆረጠ 30 ሰከንድ ነው፣ ሴትየዋ ስታለቅስ በሙዚቃ የተቀናበረ፣ ወይም የዴፕ ጠበቃ «ስታሸማቅቃት» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት። የመረጃ እጥረት አልነበረም። ሁሉም ነገር ክፍት ነበር። ግን መቁረጫውን የያዘው ሰው የሚቆርጠው ቪው የሚያመጣውን ነው፣ ያኔ ደግሞ ቪው የሚያመጣው አንዱን ወገን መደገፍ ነበር። ጁሪዎቹም ማታ ማታ ቤታቸው ነበር የሚያድሩት፣ ስልካቸውን ይዘው። «ስለ ጉዳዩ አታንብቡ» ተብለዋል፣ እሱን ለኅሊናቸው እንተወው።

ደግሞ እዚህ ጉዳይ ላይ የገንዘብ ቁጥሮቹን ተከተሉ፣ ከላይ ያየነው የእስራት ድምር ወንድም ናቸው። ዴፕ 50 ሚሊዮን ዶላር ብሎ ከሰሰ፣ ኸርድ 100 ሚሊዮን ብላ መልሳ ከሰሰች፣ ሁለቱም ትልቅ ርዕስ ሆኑ። የክስ ወረቀት ላይ ቁጥር መጻፍ ግን የከሳሹ ጉዳይ ነው፣ የፈለገውን ይጽፋል። ጁሪው ለእሱ 15 ሚሊዮን ፈረደለት፣ የግዛቱ ሕግ ለቅጣት ካሳ ጣሪያ ስላለው ወደ 10.35 ሚሊዮን ወረደ። ለእሷም 2 ሚሊዮን ፈረደላት፣ አዎ፣ እሷም አንድ ነጥብ ላይ አሸንፋለች፣ ብዙ ሰው አይሰማም። በዓመቱ መጨረሻ ይግባኙን ትተው ለእሱ 1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈለው ተስማሙ። ከዚያም ሌላ ያልተወራ ነገር አለ፦ 2020 ላይ ዴፕ ለንደን ውስጥ ሰን ጋዜጣን ከሶ ተሸንፏል፣ ዳኛው ጋዜጣው ስለ እሱ የጻፈው (ሚስቱን ይደበድባል የሚለው) በመሠረቱ እውነት ነው ብለው። ሁለት አገር፣ የተለያየ ተከራካሪ፣ የተለያየ የማስረጃ ሥርዓት፣ የተለያየ ውጤት። ይህን ለማስረዳት አንድ ጥሩ ጽሑፍ ይበቃ ነበር። እኛ ያገኘነው ግን የኳስ ደጋፊ ጭፈራ ነው።

ካሜራ በሌለበትም አልተረፍንም። የዲዲ ጉዳይ የታየው በፌዴራል ፍርድ ቤት ነው፣ እዚያ ካሜራ አይገባም። ታዲያ ክፍተቱን ማን ሞላው? በሩ ላይ ላይቭ የሚያወሩ ዩቲዩበሮች፣ ከዚያም አልፎ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተሠሩ፣ ችሎት ያልቀረቡ ዝነኞች ያልተናገሩትን ምስክርነት የሚያወሩ ቪዲዮዎች። በሚሊዮኖች ጊዜ ታዩ። ወደፊት ይህ የሚብስ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም አንድ ጣቢያ ቢቀጣ ሌላው በማግስቱ በሌላ ስም ይከፈታል።

ይህን ሁሉ ብዬ ታዲያ «ሚዲያው ዝም ይበል» ልል አይደለም። ዝምታውም ጥፋት ሠርቷል፣ ምናልባትም የባሰ። ስለ ዘፋኙ አር ኬሊ የወሲብ ጥቃት የመጀመሪያው ዘገባ ቺካጎ ውስጥ የወጣው 2000 ላይ ነው። ሰውዬው ጥፋተኛ ተብሎ 30 ዓመት የተፈረደበት ግን ከ20 ዓመት በኋላ ነው፣ በመሃል ብዙው ሚዲያ ዘፈኑን ሲያጫውት ነበር። የእንግሊዙ ቲቪ አቅራቢ ጂሚ ሳቪል በክብር ተቀበረ፣ የሠራው የወሲብ ግፍ በቴሌቪዥን የወጣው ሞቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ 2012 ላይ ነው፣ ቢቢሲ ራሱ ከዚያ በፊት ጀምሮት የነበረውን ምርመራ ትቶት ነበር። የሆሊውዱን ፕሮዲዩሰር የሃርቪ ዋይንስቲንን የወሲብ ጥቃት ያጋለጠው ፖሊስ አይደለም፣ 2017 ላይ ጋዜጠኞች ናቸው።

የእነዚህ ዘገባዎችና የሄሊኮፕተሩ ልዩነት ምንድነው? ሁለቱም ዝነኛ ሰው ላይ ናቸው፣ ሁለቱም አስደንጋጭ ናቸው። የዋይንስቲኑ ዘገባ ግን ጋዜጠኞቹ ራሳቸው ለወራት የደከሙበት ነው። ተጎጂዎችን በስማቸው እንዲናገሩ አሳምነዋል፣ የክፍያ ስምምነቶችን አግኝተዋል፣ የተወነጀለውንም ሰው ጠርተው መልሱን ጽፈዋል። የሌላው ዓይነት ዜና ሥራው የስልክ ጥሪ መቀበል ነው። ሌላም አለ፦ የጩኸት ዘገባ ለተበዳዮች የቆመ ይመስላል እንጂ እነሱንም ይጎዳል። ከሳሿ ማን ናት፣ ድሮ ማን ጋር ነበረች፣ ምን ለብሳ ነበር፣ ገንዘብ ፈልጋ ይሆን እያለ የሚቆፍረው ያው ራሱ ካሜራ ነው። የአርበክል ጋዜጦች ቨርጂኒያ ራፕን ያደረጓት ይህንኑ ነው።

መጨረሻውም ሲዘገብ በደንብ አይዘገብም። በወሲብ ጥቃት ተፈርዶበት የነበረው ኮሜዲያን ቢል ኮዝቢ ጁን 2021 ከእስር ሲወጣ ርዕሱ «ነፃ ወጣ» ነበር። ብዙ ሰው ንፁሕ ነው ተባለ ብሎ ተረዳው። የፔንሲልቬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ያለው ሌላ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ዐቃቤ ሕግ አልከስህም ብሎት ነበር፣ በዚያ ተማምኖ በፍትሐ ብሔር ክስ ላይ የሰጠው ቃል በወንጀል ተመልሶ ማስረጃ ሆነበት፣ ይህ አግባብ አይደለም ነው ያለው። ድርጊቱን ፈጽሟል ወይስ አልፈጸመም የሚለው አልተነካም። ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃው ነበር።

ሕጉ ምን ያድርግ የሚለው ላይ ሰው አይስማማም። እንግሊዝ አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 2022 ላይ፣ አንድ ሰው ክስ ከመመሥረቱ በፊት ምርመራ ላይ መሆኑ በመርህ ደረጃ የግል ጉዳዩ ነው የሚል ውሳኔ ሰጥቷል። ክሊፍ ሪቻርድን ሳስብ ልክ ነው እላለሁ። ሳቪልን ሳስብ ደግሞ ይጨንቀኛል፣ ምክንያቱም ይህን መብት ፍርድ ቤት ሄዶ የሚያስከብረው ውድ ጠበቃ ያለው ሰው ነው። እኔ ብሆን ጋዜጠኛውን ከማፈን ይልቅ ፋይል የሚያሾልከውን መርማሪ መቅጣቱን እመርጣለሁ። መረጃው ከሚወጣበት ቦታ ላይ ነው መያዝ ያለበት።

አንባቢውስ? እኔም እከፍተዋለሁ፣ አንተም ትከፍተዋለህ፣ አንቺም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ። ቢያንስ ሼር ከማድረግ በፊት ጉዳዩ የቱ ጋ እንዳለ ማየት ይቻላል፦ ተጠርጥሮ ነው፣ ተከሶ ነው፣ ተፈርዶበት ነው? የሚናገረውስ ማን ነው፣ ስም ያለው ሰው ወይስ «የውስጥ ምንጭ»? እነዚህ ካልተጻፉ ዜናው ገና አልደረሰም።

ከሚዲያዎቹ ግን አንድ ነገር በጣም እፈልጋለሁ፣ ገንዘብም ሕግም አይጠይቅም። የአንድ ዝነኛ ስም ስትፈልጉ ጎግል ላይ ብዙ ጊዜ ከፊት የሚመጣው የታሰረበት ቀን ዜና ነው። ያ ገጽ ከዓመታት በኋላም እንዳለ ተቀምጧል፣ «60 ዓመት ይጠብቀዋል» እንዳለ። አርታኢው ፍርዱ በወጣ ቀን የራሱን የድሮ ዜና ከፍቶ፣ ከላይ፣ በደማቁ፣ ጉዳዩ እንዴት እንዳለቀ ሁለት መስመር ይጨምርበት። ነፃ ከሆነ ነፃ ነው፣ ከተፈረደበትም ስንት እንደተፈረደበት። ቪዲዮ ከሆነም መግለጫው ላይ ይጻፍ። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።